ዝናቡን አትሽሹት፦ በካምፐርቫን ስለ ዋሽንግተን ስቴት ኦሊምፒክ ልሳነ ምድርና ስለ ኦሪገን ዳርቻ የጠየቃችሁኝ

ስፕሪንግ ብሬክ (የትምህርት ቤቶች የፀደይ እረፍት) እየደረሰ ስለሆነ መሰለኝ የዚህ ወር ደብዳቤ አብዛኛው ከሲያትልና ከፖርትላንድ አካባቢ ነው፣ ሁሉም ማለት ይቻላል ካምፐርቫን፣ ማለትም አልጋና ምድጃ ያለው ቫን፣ ተከራይቶ ወደ ውቅያኖሱ ስለመውጣት ነው፣ ሁሉም ውስጥ ደሞ "ግን ዝናቡስ?" የምትል አለች። የመጀመሪያውን ሰፋ አድርጌ መልሻለሁ፣ የብዙዎቻችሁ ጥያቄ እሱ ውስጥ ስላለ።

ጥያቄ፦ ሰላም እህቴ እንደምን አለሽ። እኔ ሬንተን ነው የምኖረው፣ የ9 እና የ6 ዓመት ልጆች አሉኝ። እናቴ ከደሴ መጥተው እኛጋ ስድስት ወር ሊቆዩ ነው፣ እስካሁን ግን ከቤትና ከቤተክርስቲያን ውጪ ምንም አላሳየኋቸውም፣ ይሄ ነገር በጣም እያሳዘነኝ ነው። ማርች መጨረሻ ላይ የ5 ቀን ፈቃድ አለኝ፣ ባለቤቴ ሺፍት ስላላት አትመጣም፣ አራታችን ካምፐርቫን ተከራይተን የዳርቻውን አውራ ጎዳና 101ን ይዘን ኦሪገንን ጨርሰን ካሊፎርኒያ ግዙፎቹ የሬድዉድ ዛፎች ጋ ደርሰን ልንመለስ ነው ያሰብኩት። የነገርኩት ሰው ሁሉ ዝናብ ነው፣ ልጆቹንም እናትህንም ታሳምማለህ፣ ለጁላይ ተወው ይለኛል። እናቴ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ ጾመኛም ናቸው። ልጆቹ ደሞ እንስሳ ካላየን ብለዋል። ምን ትመክሪኛለሽ?

መልስ፦ ወንድሜ ሂድ። ለጁላይ አትተወው። እማማ የሚቆዩት ስድስት ወር ነው ብለሃል፣ ጁላይ ድረስ ላይኖሩ ይችላሉ፣ ቢኖሩም ያኔ ካምፕ ቦታ ማግኘት ከባድ ነው መንገዱም ይጨናነቃል። ማርች ላይ ደሞ ጁላይ የሌለ ነገር አለ፣ ግራጫ ዓሣ ነባሪዎቹ ከሜክሲኮ ተነስተው ወደ አላስካ በዚህ ዳርቻ የሚያልፉበት ጊዜ ነው።

ግን ፕላንህን ለሁለት ቁረጠው፣ ሬድዉዱን ተወው። 101 ኦሪገን ውስጥ ብቻ ከ360 ማይል በላይ ነው፣ አብዛኛው ወዲህ አንድ ወዲያ አንድ መስመር ብቻ ያለው፣ በየከተማው መሃል የሚያልፍ፣ ገደል ጥግ ጥጉን የሚጠማዘዝ መንገድ ነው። ስልክህ የነገረህን ሰዓት እርሳው፣ ዝናብ ላይ ቫን ስትነዳ 55 የተጻፈበት ቦታ 40 እና 45 ነው የምትሄደው፣ ከዛ ልጆቹ ሽንት ይላሉ፣ ከዛ እማማ ወርደው እግራቸውን ማፍታታት አለባቸው። እኔ የመጀመሪያ ጊዜ ስሄድ በአራት ቀን ካሊፎርኒያ ደርሼ ተመለስኩ፣ ከዛ ጉዞ የማስታውሰው የዝናብ መጥረጊያውን ድምፅ ነው፣ አንድም እንስሳ ቆሜ አላየሁም፣ እስካሁን ይቆጨኛል። የዚህ ዳርቻ ዝናብ እንደ ደሴ ክረምት ዶፉን አውርዶ የሚያባራ አይደለም፣ ሲያካፋ ይውላል፣ መሃል ላይ ግን ለሃያ ደቂቃ ለግማሽ ሰዓት ጸጥ ይልና ሰማዩ ይከፈታል፣ ያ ግማሽ ሰዓት ሲመጣ መሪ ይዘህ ከሆነ አመለጠህ፣ ባሕሩ ፊት ቆመህ ሻይ እያፈላህ ከሆነ ግን በሩን ከፍቶ መውረድ ብቻ ነው። ቫን የምትከራየው ለዚህ ነው፣ ቆመህ መጠበቅ እንድትችል።

ስለዚ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሌሊቶች ክሌይሎክ እደር፣ ውቅያኖሱ ዳር ያለ የኦሊምፒክ ብሔራዊ ፓርክ ካምፕ ነው። ከሬንተን በኦሎምፒያና በአበርዲን በኩል 3 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፣ ከነእረፍቱ ግማሽ ቀን በለው። ካምፑ ገደሉ አፋፍ ላይ ነው፣ አንዳንዱ ቦታ ላይ ከቫኑ ሳትወርድ ውቅያኖሱ ይታይሃል፣ ጉልበቱን ለሚያመው ሰው ከዚህ የተሻለ አላውቅም። በማግስቱ ወደ ሆ የዝናብ ደን ግባ፣ ከክሌይሎክ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። እዛ በዓመት 3.5 ሜትር ያህል ይዘንባል፣ የአዲስ አበባን ሦስት እጥፍ ማለት ነው። ከውቅያኖሱ የሚመጣው እርጥብ አየር የኦሊምፒክን ተራሮች ሲወጣ ይቀዘቅዝና የያዘውን ሁሉ እዛው ይጥለዋል፣ ከተራራው ጀርባ ያለችው ስኲም የምትባል ከተማ ግን በዓመት 400 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው የምታገኘው። ይሄን ለእማማ ማስረዳት አይከብድህም፣ ደሴ በጭጋግ ተሸፍና ወደ አፋር ስትወርድ ፀሐይ እንደሚሆነው ነው። ዛፉ ሁሉ ሽበት ያወጣ ይመስል ከላይ እስከ ታች አረንጓዴ ሽበት ተንጠልጥሎበታል፣ እሱ ደን ደሞ ሲዘንብበት ነው የሚያምረው፣ በደረቅ ቀን ሄጄ አይቼዋለሁ ግማሽ ውበቱ የለም። ለልጆቹ ሆል ኦፍ ሞሰስ የሚባለው አጭር ዙር አለ፣ ለእማማ ደሞ ከጎብኚዎች ማዕከሉ አጠገብ የተነጠፈች በጣም አጭር መንገድ አለች፣ ዊልቸር የሚሄድባት ናት። አንድ ማስጠንቀቂያ፣ ዲሴምበር 2024 ላይ ጎርፍ ወደ ደኑ የሚያስገባውን መንገድ ቆርሶት እስከ ሜይ 2025 ተዘግቶ ነበር፣ ስለዚ ከመነሳትህ በፊት ክፍት መሆኑን እይ፣ ከተዘጋ ሌክ ኪኖልት አካባቢም እንደዚሁ ያለ ደን አለ።

ልጆቹ ኤልክ የሚያዩት እዚህ ነው። ኤልክ የአጋዘን ዘመድ ነው ግን ግዙፍ ነው፣ ወንዱ እስከ 500 ኪሎ ሊሄድ ይችላል። እዚህ ያሉት ሩዝቬልት ኤልክ የሚባሉት ናቸው፣ በፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ስም፣ እሱ በ1909 ቦታውን ሲከልል አንዱ ምክንያት እነዚህ እንስሳት በአደን እያለቁ ስለነበር ነው፣ በ1938 ደሞ ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። እኛጋ ሰሜን ተራሮችን ስታስብ ዋልያ፣ ባሌን ስታስብ ኒያላ እንደሚመጣብህ ነው። ማርች ላይ ወንዶቹ ቀንዳቸውን የሚጥሉበት ጊዜ ስለሆነ ልጆቹ "ቀንዱ የታለ?" ካሉህ በየዓመቱ ወድቆ እንደ አዲስ እንደሚበቅል ንገራቸው፣ እንደ ኒያላ ቀንድ ዕድሜውን ሙሉ የሚኖር አይደለም። ወድቆ ካገኛችሁት እዩትና ተዉት፣ ከፓርኩ ይዞ መውጣት ክልክል ነው። ርቀታችሁ ደሞ ከ45 ሜትር አይነስ፣ የፓርኩ ሕግ ነው፣ ቫኖች ፊትና ኋላ ተደርድረው ቢቆሙ ሰባት ስምንት ቫን ማለት ነው፣ ልጆቹ በዚህ ሂሳብ ነው የሚገባቸው። ሰዉ ስልኩን አውጥቶ ሲጠጋ ታያለህ፣ አንተ አትጠጋ። ኤልኩ ሳሩን መጋጡን አቁሞ ቀና ብሎ ካየህ ቀርበሃል ማለት ነው፣ ወደ ኋላ ሂድ።

መንገድ ላይ ከመጣብህስ? ጎህ ሲቀድና ሲመሽ ነው የሚሻገሩት፣ ሳሩ ደሞ ያለው ጥርጊያው ዳር ነው። አንዷ ካለፈች ተከታዮቹ አሉና ቶሎ አትነሳ። ድንገት ፊትህ ከቆመ ፍሬን ያዝ እንጂ መሪ አትጠምዝዝ፣ በእርጥብ አስፋልት ላይ ረጅም ቫን ጠምዝዘህ መመለስ አትችልም። እኔ ከመሸ በኋላ እዛ መንገድ ላይ አልነዳም፣ አንተም አትንዳ። ክሩዝ ኮንትሮልም (መኪናው ፍጥነቱን ራሱ የሚይዝበት) ዝናብ ላይ አይከፈትም፣ ጎማው ውሃ ላይ ከተንሳፈፈ ቀስ ብለህ እግርህን ከነዳጁ ማንሳት ነው፣ ፍሬን መርገጥ አይደለም። ከኋላህ መኪና ሲሰለፍ ደሞ አትጨነቅ ግን ቦታ ስታገኝ ጥግ ያዝና አሳልፋቸው፣ ዋሽንግተን ስቴት ውስጥ አምስት መኪና ከተከተለህ ሕጉም ያስገድድሃል።

በሦስተኛው ቀን ወደ ደቡብ ወርደህ በአስቶሪያ ድልድይ ኮሎምቢያ ወንዝን ተሻገር። በ1966 የተከፈተ ከ4 ማይል በላይ የሚረዝም ድልድይ ነው፣ ነፋስ ካለ ቫኑን ይገፋዋል፣ ሁለት እጅህን መሪው ላይ አድርግ፣ የኃይለኛ ነፋስ ማስጠንቀቂያ ካለ ወዲህ ማዶ ቡና ጠጥተህ ጠብቅ። ከዛ ካነን ቢች አካባቢ እደር፣ በአራተኛው ቀን ኒውፖርት፣ በአምስተኛው በሴለምና በፖርትላንድ በኩል ወደ ቤት፣ ከኒውፖርት ሬንተን 5 ሰዓት ተኩል ያህል ነው። ኦሪገን ላይ ለእማማ አንድ ነገር አድርግላቸው፣ ዳርቻው ላይ ያሉት ብዙዎቹ ስቴት ፓርኮች የርት የሚባል ክብ ቤት ያከራያሉ፣ አልጋና ማሞቂያ አለው፣ በሩ ይቆለፋል፣ እሳቸው ሲያዩት ጎጆ ነው የሚሉት። አንድ ሌሊት እዛ ይደሩ፣ ቫን አልጋ ላይ መውጣት መውረድ ለጉልበት ከባድ ነው። አሁኑኑ ያዘው፣ ከወራት በፊት ነው የሚያልቀው።

አሁን ከኤልክም ከድብም በላይ የምፈራውን ልንገርህ፣ ግንዱን። ዳርቻው ላይ ባሕሩ ያመጣው የዛፍ ግንድ ተከምሮ ታያለህ፣ ልጅ ሲያየው መውጣት ነው የሚያምረው። ቁርጭምጭሚት የማይደርስ ውሃ ከስሩ ሲገባ ያ ስንት ኩንታል የሚመዝን ግንድ ተነስቶ ይንከባለላል፣ ከስሩ ያለ ሰው አይተርፍም፣ በዚህ ዳርቻ ልጆችም ትልልቅ ሰዎችም እንደዚህ ሞተዋል። ማዕበሉም ሁሌ እኩል አይመጣም፣ አስር ጊዜ እግርህ ስር ደርሶ የተመለሰ ውሃ በአስራ አንደኛው ወገብህ ድረስ ይመጣል። ስለዚ ሁለት ሕግ አውጣ፣ ጀርባችንን ለባሕሩ አንሰጥም፣ ግንድ ላይ አንወጣም። የሞገዱን ሰንጠረዥ ጠዋት ጠዋት እይ፣ በቀን ሁለቴ ይሞላል ሁለቴ ይጎድላል፣ ስትወርዱ እየጎደለ ባለበት ሰዓት ይሁን።

ስለ ምግቡ፣ እንጀራውን ለሁለት ቀን ብቻ ያዝ፣ ቫን ውስጥ ያለው እርጥበት በሦስተኛው ቀን ያሻግተዋል። ከዛ በኋላ ድርቆሽ ነው፣ ሽሮ አፍልተህ እላዩ ላይ ብታፈስበት እማማም ልጆቹም ይበሉታል፣ በሶና ቆሎ ደሞ ምድጃም አይፈልግም። ማታ ግን አንድም ነገር ውጪ አይደር፣ ድስቱም ጭምር። እዛ ዳርቻ ላይ ራኩን አለ፣ ፊቱ ላይ ጥቁር ጭምብል ያለበት ድመት የሚያክል እንስሳ፣ እጁ እንደ ሰው እጅ ነው፣ ዚፕ ይከፍታል። አንዴ የሰው ምግብ ከቀመሰ ከሰው ስር አይጠፋም መጨረሻውም ለሱ ጥሩ አይሆንም፣ ልጆቹ ቢለምኑህም አታብላው።

አራት ሰው ሲተነፍስ የሚያድርበት ቫን ጠዋት መስኮቱ ውሃ ያለቅሳል። የጣሪያውን ማስተንፈሻና ከወዲያ ማዶ አንድ መስኮት ጣት የምታህል ከፍታችሁ እደሩ፣ ብርድ ነው ብለህ አትዝጋው፣ ብርድ ልብስ መጨመር ይሻላል። ጫማ በር ላይ ፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ ይውለቅ። እርጥብ ልብስ ውስጥ አይሰቀል።

ጥያቄ፦ ሰላም ላንቺ ይሁን። ሦስት ጓደኛሞች ነን ከፖርትላንድ፣ የልደት ጉዞ ነው። ጀበናውንም ስኒውንም እጣኑንም አዘጋጅተናል፣ ከሰልም ይዘናል። ዝናብ ከሆነ ቫኑ ውስጥ መስኮት ከፈት አድርገን ብናፈላ ችግር አለው?

መልስ፦ አለው፣ ይገድላችኋል። ይሄን ሳለዝብ ነው የምጽፈው። ከሰል ሲነድ የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፣ ነበልባሉ ጠፍቶ ፍም ብቻ ሲሆንም መውጣቱን አያቆምም፣ የቫን ውስጥ ደሞ ከአንድ ጠባብ ክፍል ያነሰ ነው። መስኮት ከፈት ማድረግ አያድንም። አገር ቤት እያለን በክረምት ከሰል ቤት አስገብተው ተኝተው ጠዋት ያልተነሱ ሰዎች ታሪክ ያልሰማ የለም፣ ቫን ከዛ ቤት የባሰ ነው። ሲጀምር ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ ነው፣ ሰው መንገዱ ነው ድካሙ ነው ብሎ ጋደም ይላል፣ ጋደም ካለ አይነሳም። ከአንዳችሁ በላይ አንድ ላይ ራሳችሁን ካመማችሁ ወዲያው ሁላችሁም ውጡ፣ ዝናብ ቢሆንም ውጡ፣ 911 ደውሉ።

ቡናውን አትተዉት ግን። ቤት ቆልታችሁ ፈጭታችሁ በዕቃ ያዙት፣ ትንሽ የጋዝ ምድጃ ከቫኑ ውጪ ሸራው ስር ታስቀምጣላችሁ፣ አራቱም ጎን ክፍት ሆኖ፣ ጀበናው እዛ ይፈላል። ዝናቡ ሸራው ላይ እየወረደ፣ ባሕሩ እየጮኸ፣ ሦስተኛውን እስክትጠጡ ቅዝቃዜውን አታስታውሱትም። እጣኑ ግን ቤት ይቅር። ምድጃውን ለማሞቂያ ብላችሁ ሌሊት እንዳታበሩት፣ የካርቦን ሞኖክሳይድ ጠቋሚው መሥራቱንም ቫኑን ስትረከቡ ቁልፏን ተጭናችሁ ስሙት፣ ካልጮኸ ቫኑን አትቀበሉ።

ጥያቄ፦ ባለፈው ሜይ ከባለቤቴ ጋር ሊንከን ሲቲ ሄደን ዳርቻው ላይ አንድ ትንሽዬ ሲል (seal የሚባለው የባሕር እንስሳ) ብቻውን ተኝቶ አገኘን፣ ዝናብ እየመታው ይንቀጠቀጣል፣ እናቱ የለችም። ባለቤቴ ብርድ ልብስ አለበሰው፣ ወደ ውሃውም ልንመልሰው ስንል አንድ ሴትዮ መጥታ ጮኸችብን። እኛ እኮ አዝነን ነው። ምን አጠፋን?

መልስ፦ እህቴ ማዘናችሁ ገብቶኛል፣ እኔም የመጀመሪያውን ሳይ እንባዬ መጥቶ ነበር። ግን እናቱ ነበረች። ሲሎች ከማርች ጀምሮ እስከ ሙቀቱ ወራት ድረስ ይወልዳሉ፣ እናትየው ዓሣ ልታድን ስትሄድ ግልገሉን ይዛው መጥለቅ ስለማትችል አሸዋ ላይ ትተወዋለች፣ ለሰዓታት ልትቆይ ትችላለች። ስትመለስ ከባሕሩ ሆና ታያለች፣ ሰው ከቆመበት አትወጣም። አንቺና ባለቤትሽ አጠገቡ በቆማችሁ ቁጥር እሷ ውሃ ውስጥ ሆና እየጠበቀች ነበር ማለት ነው፣ ሰው ካልሄደላት ደሞ ጨርሳ ጥላው ልትሄድ ትችላለች። ብርድ ልብሱም አይጠቅመውም፣ ለዝናብ የተፈጠረ ቆዳ ነው ያለው፣ ወደ ውሃ መመለሱ ደሞ ያደክመዋል ምክንያቱም ከውሃው የወጣው ሊያርፍ ነው። ከ1972 ጀምሮ ያለው የባሕር አጥቢ እንስሳት ጥበቃ ሕግም መንካትን ይከለክላል፣ ሴትዮዋ የጮኸችው ለዛ ይመስለኛል።

ሌላ ጊዜ ካያችሁ ቢያንስ 45 ሜትር ራቁ፣ ውሻ ያለው ሰው ካለ ውሻውን እንዲያስር ንገሩት፣ ያቆሰለው ነገር ካለ ወይም ሰው ከከበበው ለፓርኩ ጠባቂ (ሬንጀር) ደውሉ። ከዛ ሂዱ። መሄዱ ነው ከባዱ አውቃለሁ፣ ሕፃን ጥሎ እንደ መሄድ ነው የሚሰማው፣ ግን እናቱ የምትመጣው እናንተ ስትሄዱ ነው።

ጥያቄ፦ የ9 ዓመት ልጅ ነኝ ከአውሮራ ኮሎራዶ። አባቴ የባሕር አንበሳ ልናይ ኦሪገን እንሄዳለን ብሏል። ለምንድን ነው አንበሳ የሚባለው? ከሲልስ በምን ይለያል?

መልስ፦ የኔ ጎበዝ፣ ጆሮውን እይ። የባሕር አንበሳ ትንሽ ወጣ ያለች ጆሮ አለችው፣ ሲል ግን ቀዳዳ ብቻ ነው ያለው። ሌላው አረማመዱ ነው፣ የባሕር አንበሳ በፊት ክንፎቹ ተነስቶ ይራመዳል፣ ሲል ደሞ በሆዱ እየተሳበ ነው የሚሄደው። አንበሳ ያስባለው ስቴለር የሚባለው ትልቁ ዓይነት ነው፣ ወንዱ ከ1,000 ኪሎ ሊያልፍ ይችላል፣ አንገቱ ወፍራም ነው ላዩ ላይም ረዘም ያለ ፀጉር አለው፣ ድምፁም ያገሳል። ከፍሎረንስ ከተማ በስተሰሜን 11 ማይል ላይ የባሕር አንበሶች ዋሻ አለ፣ ከ1932 ጀምሮ ሰው ይገባበታል፣ በአሳንሰር ነው ወደ ታች የምትወርደው። በብርዱ ወራት ዋሻው ውስጥ ናቸው፣ ሲሞቅ ደሞ ውጪ ቋጥኙ ላይ ይሰፍራሉ፣ ስለዚ ለአባትህ የምትሄዱበትን ወር ጠይቀውና የት እንደምታያቸው አንተው ንገረው። ሽታው ኃይለኛ ነው፣ ለታናናሾችህ ቀድመህ ንገራቸው። ኒውፖርት ወደቡ ላይ የሚጮኹት ደሞ ሌላ ዓይነት ናቸው፣ የካሊፎርኒያ የባሕር አንበሶች፣ እነሱ እንደ ውሻ ነው የሚጮኹት። ሁለቱን ድምፅ ስትሰማ ትለያቸዋለህ።

ጥያቄ፦ ካምፕ ከመያዝ ዝም ብለን ባሕሩ ዳር ፓርኪንግ ላይ ብናድርስ? ዳርቻው የሕዝብ ነው ሲባል ሰምቻለሁ።

መልስ፦ ዳርቻው በእርግጥ የሕዝብ ነው፣ በ1967 በገዢው ቶም ማኮል ዘመን የወጣው የኦሪገን ሕግ ነው ያን ያደረገው፣ ማንም ሆቴል አሸዋውን አጥሮ የኔ ነው አይልህም። ግን በአሸዋው ላይ መራመድና ፓርኪንግ ውስጥ ማደር ሁለት ነገር ነው፣ የስቴት ፓርክ የቀን መቆሚያዎች ላይ ማደር አይቻልም፣ ሌሊት አንኳኩተው ያስነሱሃል፣ ልጆች ይዘህ በዝናብ ሌሊት ቦታ መፈለግ ደሞ አደጋ ነው። ኦሪገን ውስጥ በሀይዌይ ማረፊያዎች ከ12 ሰዓት ላልበለጠ ጊዜ መቆም ይፈቀዳል፣ ሲቸግር እሱ አለ። የትም ብታድር ሰማያዊውን የሱናሚ ምልክት አይተህ ወደ ከፍታ የሚወጣው መንገድ የት እንደሆነ ሳይመሽ እወቅ። በ1700 ጃንዋሪ 26 እዚህ ዳርቻ ላይ የተነሳው የመሬት መንቀጥቀጥ ማዕበሉ ጃፓን ድረስ ደርሷል። መሬቱ ከተንቀጠቀጠ ሳይረን አትጠብቅ፣ ወደ ላይ ሂድ።

ጥያቄ፦ አምና በማርች ዓሣ ነባሪ ልናይ ኦሪገን ዲፖ ቤይ ሁለት ቀን በዝናብ ቆምን። አጠገቤ ያሉት ፈረንጆች በየደቂቃው "ያውና!" ይላሉ፣ እኔ ግን ማዕበል ብቻ ነው የማየው። ዓይኔን ተመርምሬ ደህና ነው ተብያለሁ። ዘንድሮ ደግሜ ልሄድ ነው፣ እንዴት ነው የሚታየው?

መልስ፦ እህቴ ዓይንሽ ምንም አልሆነም፣ የምትፈልጊው ነገር ነው የተሳሳተው። ሁላችንም መጀመሪያ ላይ ዓሣ ነባሪው ራሱ ከውሃው ዘሎ እንዲወጣ ነው የምንጠብቀው። የሚታየው ግን ትንፋሹ ነው፣ ከሦስት እስከ አራት ሜትር ከፍ የሚል ነጭ እንፋሎት፣ ቆሎ ስትቆዪ ከምጣዱ ቡን እንደሚለው ጭስ፣ ሁለት ሦስት ሰከንድ ቆይቶ ይበተናል። በሌጣ ዓይንሽ ሰፊውን ባሕር ቀስ ብለሽ ከግራ ወደ ቀኝ ቃኚ፣ ባይኖኩላሩን ዓይንሽ ላይ አታጣብቂው፣ ትንፋሹን ካየሽ በኋላ ነው የምታነሺው።

ደመናማ ቀን እንዳይከፋሽ። ፀሐይ ሲኖር ባሕሩ ያብረቀርቅና ዓይን ይወጋል፣ ደመና ሲሆን ውሃው ጠቆር ይላል ትንፋሹ ነጥሮ ይታያል። መጥፎው ዝናብ ሳይሆን ነፋስ ነው፣ ማዕበሉ ነጭ አረፋ ካወጣ ሁሉም ነገር ትንፋሽ ይመስላል፣ ያን ቀን ሌላ ነገር አድርጊ። ዲፖ ቤይ ላይ የስቴት ፓርኮቹ የዓሣ ነባሪ መመልከቻ ማዕከል አለ፣ በነፃ ነው፣ እዛ ያሉትን ሰዎች አሳዩኝ በያቸው፣ ደስ ብሏቸው ነው የሚያሳዩሽ። ከዛ ትንሽ ወደ ደቡብ ወርደሽ ኬፕ ፎልዌዘር ውጪ፣ ከባሕሩ 150 ሜትር ገደማ ከፍ ያለ አፋፍ ነው፣ ካፒቴን ጄምስ ኩክ በማርች 1778 በመርከብ ሲመጣ አየሩ ስለከፋበት "የመጥፎ አየር አፋፍ" ብሎ ሰየመው። ከላይ ሆነሽ ስታዪ ከታች ያልታየሽ ጀርባቸው ሳይቀር ይታያል።

በማርች መጨረሻ የሚያልፉት ወደ ሰሜን ነው። እናቶቹ ግልገሎቻቸውን ይዘው የሚመጡት ቆየት ብሎ ነው፣ ከኤፕሪል እስከ ጁን፣ እነሱ ደሞ ለዳርቻው በጣም ይቀርባሉ። በ1994 ከመጥፋት ስጋት ዝርዝር የወጡ እንስሳት ናቸው፣ ከ2016 ወዲህ ግን ቁጥራቸው በጣም ቀንሷል፣ ሳስበው ያመኛል፣ እያንዳንዷን ትንፋሽ ሳይ ስንት እንደቀሩ ነው የማስበው።

አንዴ ትንፋሽ ካየሽ ዓይንሽን አታንሺ። ያው ዓሣ ነባሪ በግማሽ በግማሽ ደቂቃ ልዩነት ሦስት አራት ጊዜ ይተነፍሳል፣ ከዛ ጅራቱን አውጥቶ ይጠልቃል። የጠለቀበትን ቦታ በሆነ ቋጥኝ ምልክት ያዢ፣ ኮፍያሽን አጥብቀሽ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ጠብቂ፣ ከዛ ከምልክትሽ ትንሽ ወደ ሰሜን ዞር ብለሽ እዪ።